በሠላሳ ቀን የሚወርድ ማስታወቂያ

አንድን ነገር ባለበት መተው አልችልም። ሰው ቤት ስገባ እንኳ ደጃፍ ላይ የተዝረከረከውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ካላገናኘሁ ወሬው አይሰማኝም። እናቴ «የዚች ልጅ ቂጥ እሾህ አለው እንዴ?» ትል ነበር። ይህን እየጻፍኩ ራሱ ሁለቴ ተነስቼ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው አዙሬያለሁ። እንጀራ ያበላኝ ይኸው ጠባዬ ነው፤ ታላቅ እህቴን ማሳዋን ያሳጣትም ይኸው ጠባዬ ነው። ልናገር የተነሳሁትም ስለዚያ ነው።

ጊዜው የእጅ ስልክ ገጠር መግባት የጀመረበት ነው። እኔ አርብ ገበያ ከተማ፣ ስሙን መጥራት የማልፈልገው አንድ የመረጃ ማዕከል ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ማዕከሉ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መሥሪያ ቤቶች የሚወጣውን ማስታወቂያ እየሰበሰበ በአንድ ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። የከብት ክትባት ቀን፣ የማዳበሪያ መምጫ፣ የመሬት ልኬታ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ምኑ ቅጡ። ገበሬው ራሱ አይከፍተውም። የየቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም አስተማሪ በስልኩ ያነብና ቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ለሕዝቡ ይናገራል። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ለማንበብ ዳገት ይወጣል። እንግዲህ ያን ዳገት ወጥቶ የከፈተው ሰው የፈለገውን ቶሎ ካላገኘ ተሳድቦ ይወርዳል፤ ይፈረድበታል?

ድረ ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው አንጀቴ ቅጥል አለ። የሠራው ባለሙያ ከከተማ መጥቶ ነገሩን በመሥሪያ ቤቶቹ መዋቅር ልክ ሰፍቶት ሄዷል። ዋና የሥራ ሂደት፣ ከሥሩ ንዑስ የሥራ ሂደት፣ ከሥሩ ሰነዶች፣ ከሰነዶቹ ሥር ደግሞ «ሌሎች» የምትል አንዲት ጓዳ። ግማሹ ዓለም እዚያች «ሌሎች» ውስጥ ታጉሮ ነበር። ቦታው ሁሉ የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ቀበሌ ዜሮ ሰባት፣ ጎጥ አራት። በእኛ አገር ደግሞ ሰውን «የት ነህ?» ብትለው ቁጥር አይነግርህም፤ «የጊዮርጊስ ሰው ነኝ፣ ከማርያም በታች ነኝ» ነው የሚልህ።

አለቃዬ እኩያዬ ነው፤ ስብሰባ ይወዳል፣ ነገር መነካካት ይፈራል። «ምኑ ነው ያስቸገረሽ? ሁሉም ነገር አለበት እኮ» አለኝ።

«አለበትማ። እስቲ የጊዮርጊስ ሰዎች በሬያቸውን የሚያስከትቡበትን ቀን አሁን አውጣልኝ።»

ተቀመጠ። ጫን ጫን አደረገ። ግብርና ገባ፣ ወጣ። እንስሳት ጤና ገባ፣ ዓመታዊ ዕቅድ አገኘ፣ ወጣ። ግንባሩ ወዛ። እኔ ከኋላው ቆሜ ወዲህ ወዲያ እላለሁ።

«መንጎራደድሽን ተዪኝ እስቲ!» አለ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ተነሳና፣ «እሺ፣ አስተካክዪው፤ ብቻ የእኔን መልእክት ከፊት ገጽ እንዳታነሺው» አለኝ።

ሥራውን የጀመርኩት ቤት እንደሚያጸዳ ሰው ነው፤ ያለውን ሁሉ አውጥቼ ደጅ በማስጣት። የእያንዳንዱን ገጽ ርዕስ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩና አርብ በገበያው ቀን ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ከቢሮው በር ላይ አወጣሁት። ወረቀቶቹን ደርድሬ የሚያልፈውን የሚያገድመውን ሁሉ፣ «እባክዎ፣ አብሮ የሚሄደውን ከአብሮ የሚሄደው ጋር ያድርጉልኝ» እያልኩ መለመን ያዝኩ። አብዛኛው ሰው ሎተሪ የማዞር መስሎት ሸሸኝ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ወረቀቶቹን በቁመታቸው ለይታ፣ «ይኸውልሽ እንግዲህ» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ጧፍና ዕጣን ሊገዙ የመጡ አንድ የዜማ መምህር ቆሙልኝ። ሸምገል ያሉ፣ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጥምጣማቸው ግን እንደ በረዶ የነጣ። ጉዳዩን ሳስረዳቸው ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጡና፣ «አንቺ አንብቢ፣ እኔ ቦታውን አሳይሻለሁ» አሉ።

አነበብኩ። «የጋብቻ ምስክር ወረቀት።»

«ወዲህ።»

«የድንበር ክርክር።»

«እሱንም ወዲህ።»

«የኔታ፣ ጋብቻና ድንበር ምን አገናኛቸው?» አልኩ፤ ትዕግሥት የለኝም።

«ለሁለቱም ምስክር ይዘሽ ነዋ የምትሄጂው!» አሉኝ፤ ዜማ እንደሳተ ተማሪ እያዩኝ። «ይህ ረድፍ ሰው ይዘው የሚሄዱበት ነው። ያ ወረቀት ይዘው የሚሄዱበት። ያ ደግሞ ባዶ እጅ የሚሄዱበት። ሰው አምስት ሰዓት ተጉዞ ወረዳው ከተማ ወገዳ ይደርሳል፤ ምን ይዘሃል ሲሉት የለውም፤ ይመለሳል። ማን ዘንድ እንደሚሄድ መች ጠፋው? ምን ይዞ እንደሚሄድ እንጂ።»

ሦስት ወር ሙሉ ጭንቅላቴን ስቧጥጥ የከረምኩበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ሌላ አነበብኩ፤ «የማዕከሉ ራዕይና ተልእኮ።» መምህሩ ጥቂት አሰቡና ወረቀቷን ከወንበሩ ዳር ብቻዋን አስቀመጧት። «ይቺ የማይሄዱበት ናት» አሉ። ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር። የአለቃዬንም መልእክት እዚያው ጎን አስቀመጡልኝ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ድረ ገጹን ገለባበጥኩት። «ምን ይዤ ልሂድ?» የሚለው ከፊት መጣ። ቀበሌው ሁሉ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ስም ተጠራ፤ ቁጥሩ ከሥር በትንሹ ገባ። «ሌሎች» የምትለውን ጓዳ አራግፌ ዘጋኋት። የልማት ሠራተኞቹ ለገበያ ሲመጡ፣ «አሁን እኮ ወዲያው ይገኛል» ይሉኝ ጀመር። ደረቴን ነፋሁ፤ ምን ልዋሽ!

ግን አላርፍ አልኩ። ከፊት ገጹ ላይ የተደረደረው ማስታወቂያ ረዘመብኝ። ያለፈ ክትባት፣ ያለፈ ምዝገባ፣ ያለፈ ስብሰባ፣ አዲሱን ሁሉ ወደታች ይገፋዋል። ዓይኔን አሳከከኝ። እናም አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማስታወቂያ ሁሉ ከወጣ በሠላሳ ቀኑ በራሱ ጊዜ ከፊት ገጹ ወርዶ «ማህደር» ወደሚል ገጽ እንዲገባ አደረግሁ። ለምን ሠላሳ? ወር ስለሆነ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ማህደሩን ከታች ከጥግ አስቀመጥኩት፤ ገጹ ጸዳ አለልኝና ምሳዬን በላሁ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ባል ሞተ። እህቴ የተዳረችው በስማዳ፣ ከወገዳ አራት ሰዓት በእግር በሚኬድበት አንድ አጥቢያ ነው። በዓሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ «እታለም» ነው የምላት። ልጅ አልወለዱም፣ እሱ ግን አንድም ቀን ክፉ ሲናገራት ሰምቼ አላውቅም። ሆዱን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ በሳምንቱ ቀበርነው። ሦስት ቀን ተቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ እሷ ግን ጠጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት ተቀመጠች። በዚያ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ተዝካሩ እስኪወጣ፣ እስከ አርባው ቀን ድረስ ከቤት አትወጣም። ፊቷም የንብረት ነገር አይነሳም። አርባው ሳይወጣ መሬት ብሎ አፉን የከፈተ ሰው፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ሊካፈል የመጣ ተብሎ ነውረኛነቱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

መሬት ደግሞ ነበረ። ሌላው እርሻቸው በሁለቱም ስም በመሬት ደብተራቸው ሰፍሯል፤ በእሱ ክርክር የለም። ከወንዙ አፋፍ ያለችው የሁለት ጥማድ ማሳ ግን ለባልየው ከአባቱ የተሰጠችው ናት፤ ደብተሩ ላይ አልገባችም። ገብስ የምትሰጣቸው፣ ጎተራቸውን የምትሞላው እሷ ናት። ሌላው ድንጋያም ነው። እህቴ ያለሷ መኖር እንደማትችል እኔም አውቃለሁ፣ የባሏ ወንድም ዋርሳዋም ያውቃል።

ባልየው በሞተ በስድስተኛው ቀን የመሬት ለኪዎች ወደዚያ አጥቢያ ገቡ። ማሳዋ ዘንድ ሲደርሱ ጥማዱን ይዞ የቆመው ዋርሳዋ ነው። «የማን ነው?» ሲሉት፣ «የአባቴ» አለ። ጻፉት። በዘጠነኛው ቀን የተለካው ሁሉ ዝርዝር ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ። ማስታወቂያውን በገዛ እጄ አወጣሁት። ርዕሱ ላይ የእህቴ አጥቢያ ስም ስላለ ወዲያው ለየሁት፤ ዝርዝሩን ሳወርድ ያቺ ማሳ በዋርሳዋ ስም ተመዝግባለች። ከታች ግን፣ ቅሬታ ያለው ሰው በስድሳ ቀን ውስጥ ሁለት ምስክርና የጋብቻ ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ ይላል። ተንፈስ አልኩ። አርባው ቢወጣ ገና ሃያ ዘጠኝ ቀን ይተርፋታል። የማን ወረቀት፣ ስንት ምስክር፣ ሁሉም «ምን ይዤ ልሂድ?» ከሚለው ሥር ተጽፏል። ለዚህ አይደል የደከምኩት?

በዓሥራ ሁለተኛው ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። አጠገቧ፣ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ሴቶች ንፍሮ ያዞራሉ፤ የሚናገረው ሁሉ ስለ ሟቹ ነው፤ እንዴት እንደሚያርስ፣ እንዴት እንደሚስቅ። እግሬ መሬቱን ይመታል፤ አንዲት አሮጊት በእጃቸው ጉልበቴን ይዘው አስቆሙኝ። በደንብ አውቃለሁ፣ እዚያ ከተቀመጡት ሴቶች ግማሾቹ ነገሩን ሰምተዋል። ቅዳሴ ሲወጣ ተነግሯል። አንዳቸውም ግን ቃል አልተነፈሱም፤ ይሉኝታው አለ። እኔስ የተማርኩ፣ የከተማ ሴት ሆኜ ቀድሜ ነውረኛ ልባል? ደግሞስ ምን አጣደፈኝ? ማስታወቂያው የትም አይሄድ፤ አርባው ሲወጣ ይጠብቃታል። ይህን እያልኩ ራሴን አታለልኩና ተነስቼ ሄድኩ።

የተዝካሩ ዕለት ሰው ግቢውን ሞልቶት ነበር። እኔ በማግስቱ እስቴ ላይ የድረ ገጹን አዲስ አደረጃጀት ለባለሙያዎች እንዳሳይ ታዝዤ ስለነበር መኪናው እንዳያመልጠኝ ዓይኔ መንገድ መንገድ ያያል። እህቴን ወደ ደጅ ጎትቼ አወጣኋትና፣ «እታለም፣ የመሬት ማስታወቂያ ወጥቷል። ነገ የልማት ሠራተኛውን ጠይቂው፣ ከስልኩ ያነብልሻል። ምን ይዘሽ እንደምትሄጂ ሳይቀር ጽፌዋለሁ» አልኳት።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«ያነብልሻል አልኩሽ እኮ! ሁሉም አለበት። እኔ ልሂድ፣ መኪናው።»

«እሺ የእኔ እናት፣ አንቺ ካልሽ» አለች። እየሮጥኩ ወረድኩ።

እስቴ ላይ ሰው አጨበጨበልኝ። ከዚያ ሌላ ሥራ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ። የእህቴ አጥቢያ ከዳገቱ በቀር ስልክ የማይገባበት ስለሆነ ደውዬ ልጠይቃት አልችልም፤ ብችልስ እጠይቃት ነበር? ጨርሼዋለሁ ብዬ ነበር እኮ። በልቤ ያ ጉዳይ ተዘግቷል።

ባልየው ከሞተ ሁለት ወር ተኩል ሲሆን አንድ ማለዳ የቢሮው በር ተንኳኳ። እታለም ናት። ከል ለብሳ፣ አቧራ ለብሳ፣ የበሶ ከረጢት ይዛ። ከወገዳ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ መጥታለች። ፊቷ ግን ፈካ ብሏል፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሆና አላየኋትም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተገላገልኩ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ዋርሳዬ መሬቷን በስሙ አስለክቷል ብለው አስደንግጠውኝ ነበር። እንዳልሽኝ የልማት ሠራተኛውን ዳገት አስወጣሁት። ከፈተው፣ አየው፣ የለም። በማግስቱም አየ፣ የለም። ወርዷል አለኝ። ወርዷል ማለት ቀርቷል ማለት አይደል? የቀበሌው ሊቀመንበር ከሰሌዳ ላይ ወረቀት ገንጥሎ ሲያወርድ ነገሩ ቀረ ማለት ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ሰውም ሁሉ ቀርቶልሻል፣ እልል በይ አለኝ። እኔማ፣ እህቴ ናት ያስቀረችልኝ ብዬ ነው በሶውን ይዤልሽ የመጣሁት።»

ወዲያው በጣቴ ቆጠርኩ። በዘጠነኛው ቀን ወጣ። ሠላሳ ቀን ኖረ። አርባኛው ቀን ሲደርስ፣ እሷ ከቤት በወጣችበት ዕለት፣ ሠላሳ አንደኛው ነው። እኔ ብልሂቱ ተዝካር በልቼ፣ መኪና እያሳደድኩ «ሁሉም አለበት» ስላት፣ ማስታወቂያው ወርዶ ማህደር ገብቷል። ሠላሳ ቀን ያልኩት እኔ ነኝ። ባል የሞተባት ሴት አርባ ቀን እንደምትቀመጥ እያወቅሁ፣ እዚያው አገር ተወልጄ አድጌ፣ ሠላሳ አልኩ። እንዲህ ያለ ስሕተት ከውጭ የመጣ ሰው ቢሠራው እሰድበው ነበር።

«እታለም፣ ቁጭ በዪ» አልኳት።

ማህደሩን ከፍቼ አነበብኩላት። ቃል በቃል። የአጥቢያዋን ስም፣ የማሳዋን አዋሳኝ፣ የዋርሳዋን ስም፣ «በስድሳ ቀን ውስጥ» የሚለውን። ከዚያ ስድሳው ቀን ካለፈ ስድስት ቀን እንደሆነው ነገርኳት። ስታዳምጥ አልጮኸችም። በሶውን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት አስቀመጠች።

«አልቀረም ነበር?» አለች።

«አልቀረም።»

«ታዲያ ማን አወረደው?»

«እኔ።»

ቆሜ ነበር፤ ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ መጣሁ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ስለ ፊት ገጹ መርዘም፣ ስለ ማህደሩ፣ ስለ ሌላ አገር ልምድ ቀባጠርኩ። እጄን ያዘችና አስቆመችኝ።

«እሱን ተዪው፣ አይገባኝም። ያን ቀን፣ በዓሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከእኔ ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀምጠሽ።»

«ነውር ሆኖብኝ ነው፣ እታለም።»

«ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?» አለች። በቁሜ አለቀስኩ። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ፤ ያኔ ነው ይበልጥ የገደለችኝ።

ወደሚመለከተው ቢሮ አብረን ሄድን። ጊዜው አልፏል፣ ደብተሩ ታትሟል አሉን። ለመንን፣ አለቀስን፣ ይግባኝ አልን፤ ውሃ በላው። ሽማግሌ ላክን። ዋርሳዋ ከዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሎቹ ፊት ቆሞ፣ ፈገግ እያለ፣ «እኔ ምን ደበቅሁ? በአደባባይ ተነገረ። ያወጣችው የገዛ እህቷ፣ ያወረደችውም የገዛ እህቷ» አለ። ዘልዬ ላንቀው ምንም አልቀረኝም፤ ግን እውነቱን ነው። የዚያን ዓመት ገብስ እኩል እንዲያካፍላት ብቻ አስማሙት። ከዚያ በኋላ እታለም ጎተራዋን በድንጋያማው መሬት እየሞላች፣ በክረምት ጥጥ ፈትላ እየሸጠች ኖረች። ዛሬም እንደዚያ ነው የምትኖረው።

ቢሮ ተመልሼ መጀመሪያ ያደረግሁት ሠላሳውን መሰረዝ ነው። ማስታወቂያ ሁሉ የተቆረጠለት ቀን እስኪያልፍ ከፊት እንዲቆም፣ ቀኑ ሲያልፍም በዝምታ እንዳይወርድ፣ ራሱ ላይ «ጊዜው አልፏል» ወይም «ቀርቷል» ተብሎ በግልጽ እንዲጻፍ አደረግሁ። አለቃዬ ገጹ ተንዛዛ ብሎ ተቆጣ። «የኔን መልእክት እኮ ወደታች ገፋው» አለ። «ይገፋው» አልኩት። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለሚመጣው ሰው ነው፤ ላለፈው ምን ይሠራል? ገጹን ባየሁት ቁጥር እርፍ አይለኝም፤ የትኛው ጥግ ላይ የማን ነገር ተቀብሮ ይሆን እያልኩ ከላይ እስከታች አስሰዋለሁ።

በዓመቱ በዚያው አጥቢያ ሌላ ሰው ሞተ። ሚስትየው የእታለም ጎረቤት ናት። በሰባተኛው ቀን ከእታለም ጋር ልንጠይቅ ገባን። ያው ቁርበት፣ ያው ንፍሮ፣ ያው የተላጨ ራስ። በዚያ ሳምንት የሁለተኛው ዙር ልኬታ ዝርዝር ወጥቶ የእሷ ባል ማሳ በአጎቱ ልጅ ስም ሰፍሮ አይቼ ነበር። እግሬ መሬቱን መምታት ጀመረ። ተነሳሁ፤ ከቁርበቱ ዳር ሄጄ ተንበረከክሁ፤ ጆሮዋ ሥር፣ «የወንዝ ማዶው ማሳችሁ በሌላ ሰው ስም ተጽፏል። ሁለት ምስክርና የጋብቻችሁን ወረቀት ይዘሽ መቅረብ አለብሽ። አርባውን አትጠብቂ» አልኳት።

የንፍሮው ሳህን ባለበት ቆመ። «ኧረ ነውር ነው! በሰባተኛው ቀን? ኧረ የእግዜር ያለህ!» አሉ አንዲት አሮጊት። ሌላዋ ፊቷን አዞረች። አንዷ ደግሞ በእኔና በከተማ ትምህርት ላይ ተፋች። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታየኛለች፤ ይግባት አይግባት አላውቅም። ተነስቼ ልወጣ ስል እታለም ነጠላዬን ከኋላ ያዘችኝ።

«ድገሚላት» አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እየሰሙ። «አልሰማችሽ ይሆናል።»

ደገምኩላት።